የደምሰው የክርስትና ስም

ልጅ እያለሁ በሞላሌ ከተማ ሞቶ መነሣት የሚችል ሰው ሁለት ነበር። አንዱ እንግሊዝ አገር የሚኖረው የጎረቤታችን የእማማ የሺ ልጅ ደምሰው ነው፤ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። እሱ በፊልም ይሞታል፣ እኔ በትምህርት ቤት ድራማ። በዚያ ዘመን የተማራችሁ መቼም አትረሱትም፤ የድራማ ክበብ ማለት ኤድስ ማለት ነበር፤ ሌላ ታሪክ አልነበረንም። ከስድስተኛ ክፍል ልጆች ሁሉ የከሳሁት እኔ ስለነበርኩ በሽተኛዋን እንድሆን ተመረጥኩ። በየወላጆች በዓሉ ሁለት ጠረጴዛ ይገጠምልኛል፤ የበግ ጠረኑ ያልለቀቀው ባና፣ ያ ወፍራሙ የሱፍ ልብስ፣ ይደረብብኛል፤ ስስል፣ ስስል ቆይቼ እሞታለሁ። ጭብጨባው ሲቀልጥ ብድግ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እናቴ "ምን ያለሽ ሟርተኛ ነሽ" እያለች አትወደውም ነበር። እኔ ግን በዓለም ላይ ከመሞት የተሻለ የምችለው ነገር አልነበረኝም።

የእማማ የሺ ቤት ከእኛ የሚለየው በአንድ የድንጋይ ካብ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከደምሰው ሌላ ልጅ የላቸውም። እናቴ ገበያ ላይ በርበሬና ጨው ስለምትቸረችር፣ አባቴም እርሻ ስለሚውሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችን ዝግ ነው፤ እኔም ደብተሬን እንደያዝኩ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። በራፋቸው ላይ ፀሐይ ፊት ተቀምጠው ሱፍ ይፈትላሉ። የመንዝን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ፀሐዩ ቢደምቅም ጥላ ውስጥ የቆመ ሰው እግሩ ይደነዝዛል። የቤታቸው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ያልታጠበ ሱፍ፣ የኩበት ጭስ፣ ገና ከምድጃ የወረደ የገብስ ቆሎ። ቆሎውን በሰፌድ ያቀርቡልኝና እንዝርታቸውን እያሾሩ ስለ ልጃቸው ያወጉኛል።

ደምሰው በንጉሡ ዘመን ደብረ ብርሃን ተምሮ፣ ጎበዝ ነው ተብሎ ለምህንድስና ትምህርት እንግሊዝ አገር ተላከ። ተምሮ ሊመለስ ነበር። ደርግ መጣና "እንዳትመጣ" የሚል መልእክት ደረሰው፤ እዚያው ቀረ። ደርግም ሄደ፤ እሱ ግን "ለከርሞ እመጣለሁ" እያለ ከርሞን ይገፋው ጀመር። እማማ የሺ ግድግዳቸው ላይ ሦስት ፎቶውን ሰቅለዋል፤ በሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሶ ከረባት አስሯል። አዲስ ድልድይ ባዩ ቁጥር "የእኔ ልጅ ይሄን የመሰለ ነው የሚሠራው" ይሉኛል። እኔም ደምሰውን የማስበው አንድ ትልቅ ወንዝ አጠገብ ሜትር ይዞ ሲለካ ነበር።

ለካስ ደምሰው ምህንድስናውን ገና በሁለተኛው ዓመት ጥሎት ኖሯል። ትያትር ቤት ገብቶ፣ መጀመሪያ መጋረጃ እየሳበ፣ በኋላ ጦር ይዞ ከኋላ እየቆመ፣ ቀስ በቀስ ተዋናይ ሆነ። ይህን ለእናቱ መጻፍ አፈረ። በእኛ አገር በዚያን ጊዜ ሰው ፊት ቆሞ መጫወት የአዝማሪ ሥራ ነው። የደህና ገበሬ ልጅ ባሕር ተሻግሮ አዝማሪ ሆነ ቢባል እናቱ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ በምን ፊት ትቆማለች? ስለዚህ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ በየደብዳቤው ድልድይ ሠራላቸው። እማማ የሺን በመዋሸት የመጀመሪያዋ አለመሆኔ አንዳንዴ ትንሽ ያጽናናኛል። ትንሽ ነው ታዲያ።

ነገሩ የተገለጠው በጋሽ አሰፋ ነው። ጋሽ አሰፋ የደምሰው የአጎት ልጅ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሞላሌ ሸቀጥ ያመላልሳል። አንድ ቀን አዲስ አበባ ካሴት ከሚያከራይ ቤት ገብቶ ቴሌቪዥኑን ቢያይ፣ የገዛ ዘመዱ የወታደር ልብስ ለብሶ ይሄዳል። ዓይኑን አላመነም። ፊቱ ላይ ያለችውን የልጅነት ጠባሳ አይቶ አረጋገጠና ፊልሙን እስከ መጨረሻው ሳያይ፣ ካሴቱን አስነቅሎ ይዞት መጣ። ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ምሥራች ነበር ያመጣው፤ ደግ ሰው ነው፣ ይህን አልጠራጠርም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የከተማችን ቪዲዮ ቤት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ጀኔሬተሩ ጓሮ ይንደቀደቃል፤ የናፍጣው ሽታ ውስጥ ድረስ ይገባል። እማማ የሺ ለጥምቀት የሚለብሱትን ነጠላ ለብሰው ከፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ እኔን አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ እንግሊዝኛ እተረጉም ዘንድ። ደምሰው ብቅ ሲል ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ረጅም ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ ጠመንጃ ይዟል። አፉን ከፍቶ አንድ ነገር ተናገረ።

"ምን አለ?" አሉኝ።

ከንግግሩ አንዲት ቃል አልያዝኩም። "እናቴ ደህና ናት ወይ አለ" አልኳቸው። ፊታቸው ሲፈካ አየሁና ቀጠልኩበት፤ ሲጮህ "አገሬ ናፈቀኝ አለ"፣ ሲያንሾካሹክ "ለከርሞ እመጣለሁ አለ"። ማንም አላረመኝም፤ የሚያርም አልነበረም። ሰውን ለማስደሰት መዋሸት እንዲህ ቀላል መሆኑን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ጠላት ደረሰ። ደምሰውን ያዙት፣ እጁን የኋሊት አሰሩት፣ ከአንድ ዛፍ ሥር አቆሙት። ገመዱን አንገቱ ላይ አስገቡና ሰቀሉት። እግሩ ሲወራጭ፣ ከዚያ ቀጥ ሲል፣ በደንብ እያሳዩ ነው የሠሩት። እማማ የሺ ተነሥተው ቆሙ። ነጠላቸውን ከላይ እስከ ታች ተረተሩትና "ልጄን ሰቀሉት! ዓይኔ እያየ ሰቀሉት!" ብለው ደረታቸውን መቱ። አሮጊቶቹ ተከተሉ፤ ቪዲዮ ቤቱ በአንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሆነ። አንድ ሰው ሮጦ ጀኔሬተሩን አጠፋውና በጨለማው ውስጥ ዋይታው ብቻ ቀረ። ዛሬ ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። እኔ አልስቅም። መሐንዲስ ነው ብለው የሚያውቁት ልጅ፣ የራሱ ፊት፣ የራሱ ጠባሳ፣ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ያዩ እናት ምን ይበሉ?

ሁለት ቀን ሙሉ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጋሽ አሰፋ የሠራውን ጥፋት ሊያርም በማግሥቱ አዲስ አበባ ወርዶ እንግሊዝ ደወለ። በሦስተኛው ቀን ከቴሌ የቀጠሮ ወረቀት መጣ፤ እጃቸውን ይዤ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። የስልኩን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። የደምሰው ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል፤ እያለቀሰ ነበር። "እማዬ፣ እንጀራዬ ነው። ሙት ይሉኛል፣ እሞትላቸዋለሁ፣ ይከፍሉኛል፣ እነሣለሁ" ይላቸዋል። ሁሉንም ከሰሙ በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እና ድልድዩስ?"

ቤታቸው ስንመለስ ግን አልገባቸውም ነበር። እንዴት ነው ሰው ሳይሞት የሚሞተው? እዚህ ላይ ነው የእኔ ሙያ የመጣው። ባናውን ከአልጋቸው ላይ ስቤ መሬት ላይ ተጋደምኩና ከሳል እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ሞቼ አሳየኋቸው። ትንፋሽ የሚያዘው እንዴት እንደሆነ፣ ዓይን ፈዞ የሚቀረው እንዴት እንደሆነ፣ ደሙ ቀለም መሆኑን፣ ገመዱም ከጀርባ ሌላ ማሰሪያ እንዳለው አስረዳሁ። የገመዱን ነገር ከራሴ ፈጥሬ ነው፤ ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። እማማ የሺ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሲያዩኝ ቆዩና በመጨረሻ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታችን ሆነ። ሱፉ ሲሰለቻቸው "ብርቄ፣ እስቲ ሙችልኝ" ይሉኛል። እሞታለሁ። "አሁንስ ተነሺ፣ ይበቃል" ይሉኛል። እነሣለሁ። ከድራማ ክበቡ ይልቅ እዚያ የሞትኩት ይበዛል።

ደምሰውም ከዚያ በኋላ እውነቱን ይጽፍ ጀመር። ካሴትም ይልካል። እንግሊዞቹ የእኛን ሰው ፊልሙ እኩሌታ ሳይደርስ ነበር የሚገድሉት። በአንዱ ትሪ ይዞ በር ሲከፍት ተተኮሰበት፤ በሌላው መርከብ ውስጥ ሰጠመ። በመድረክ ላይ ግን ትልቅ ሰው እንደሚሆን፣ እዚያ እንደሚያከብሩት ይጽፍ ነበር። እማማ የሺ አሁን ቪዲዮ ቤት ሲገቡ እንደ ባለቤት ናቸው። አሮጊቶቹ ከንፈር መምጠጥ ሲጀምሩ ወደ ኋላ ዞረው "አትድከሙ፣ ይነሣል" ይሏቸዋል። ደብዳቤውን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። "ለከርሞ" የምትለዋ ቃል ግን ከደብዳቤው አልጠፋችም።

የስድስተኛ ክፍሉ ዓመት አልፎ ሰባተኛ ገባሁ። ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ሊታጨድ ሲል፣ ጋሽ አሰፋ ከአዲስ አበባ ባዶ እጁን መጣ። ሸቀጥ ሳይጭን ሲመጣ አይተነው አናውቅም። በቀጥታ የሄደው መምሬ ኃይሉ ዘንድ ነው፤ መምሬ የእማማ የሺ የንስሐ አባት ናቸው። ማታ እናቴ እሳት ዳር ተቀምጣ በዝምታ ስታለቅስ አገኘኋት። ደምሰው ሞቷል። ልቡ ነው አሉ፤ ትያትር ቤት ውሎ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ። ቀብረውታልም።

የእኛን አገር የመርዶ ሥርዓት ታውቁታላችሁ። አዝመራዋ ሜዳ ላይ ላለ ሴት መርዶ አይነገራትም፤ ለቅሶ ተቀምጣ እህሏን ውርጭና ወፍ ይበላዋል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ እስኪገባ ድረስ ነገሩ እንዲያዝ ቆረጡ። ከተማው በሙሉ ያውቃል፣ እማማ የሺ ብቻ አያውቁም። ሰው ሁሉ በራፋቸውን ሲያልፍ ሰላምታውን ያሳጥራል። ገብሱን የሚያጭድላቸው ሰው ደግሞ ሳይጠሩት ይጎርፋል። "ዘንድሮ ምን ሆነው ነው እንዲህ የወደዱኝ?" ብለው ጠየቁኝ። ቆሎውን ከሰፌዱ ላይ አንድ በአንድ መልቀም ጀመርኩ። በእነዚያ ቀናት አንድም ጊዜ ሙቺ ሲሉኝ አልሞትኩላቸውም፤ ሆዴን ያመኛል አልኩ።

በመርዶው ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ እናቴ ቀሰቀሰችኝ። ሰባት ስምንት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ካቡ ሥር ቆመዋል። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ሴቶቹ ከኋላ ናቸው፤ መምሬ ኃይሉ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ገቡ። እኔም በእናቴ ቀሚስ ሥር ገባሁ። እማማ የሺ ምድጃቸውን እያቆሰቆሱ ነበር። ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት ሲያዩ ገብቷቸው ብድግ አሉ፤ መርዶ ያልገባበት ቤት የለምና።

"ማነው?" አሉ።

መምሬ ኃይሉ "እመት የሺ፣ ጠንክሪ። ልጅሽን ደምሰውን እግዚአብሔር ወስዶታል" አሉ።

ሴቶቹ ዋይ ማለት ጀመሩ። እማማ የሺ ግን አላለቀሱም። አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ የመጣው ሳቅ ነበር። "እናንተም እንደኔ ሆናችሁ? ማን አሳያችሁ? ይነሣል እኮ፤ ነግሬያችሁ አልነበረም?" አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ አሰፋ ነገሩን ሊቋጭ ብሎ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የደምሰው ወዳጆች የላኩለት የእንግሊዝ አገር ጋዜጣ ቁራጭ ነው፤ ስለ ሕይወቱና ስለ ሥራው የተጻፈ። የኀዘን ወረቀት ነው ብሎ ማሳየቱ ነው። ነገር ግን ጋዜጣው ያወጣው ፎቶ ደምሰው መድረክ ላይ ዘውድ ደፍቶ፣ ካባ ለብሶ የተነሣውን ነበር። እማማ የሺ ወረቀቱን ወደ እሳቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት።

"ይኸው! ደግሞ ንጉሥ ሆኖልኛል። በዘውድ ነው የሚቀበረው?" አሉ። ድምፃቸው ግን መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ዞር ዞር ብለው ፈለጉኝ። "ብርቄ የታለች? እሷ ታንብበው። እሷ ሥራውን ታውቀዋለች።"

እናቴ ገፋችኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩ። ከእንግሊዝኛው ብዙውን አላውቀውም፤ ሞተ የምትለዋን ቃል ግን አውቃታለሁ፤ አስተማሪያችን በድራማው መጨረሻ ሰሌዳ ላይ ይጽፋት ነበር። ርእሱ ላይ ጉብ ብላለች። ቀና ስል እማማ የሺ እያዩኝ ነው። ያን ዓይን እስከ ዛሬ በማንም ሰው ላይ አላየሁትም። የልጃቸው መሞትና መኖር ከአፌ በሚወጣው ነገር ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር።

"ትያትር ነው" አልኩ።

እናቴ በጥፊ መታችኝ። መምሬ ኃይሉ "ልጅ ናት፣ ፈርታ ነው" አሉ። እማማ የሺ ግን ክንዴን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡኝና "ምን በደለቻችሁ? እውነቱን ስለ ተናገረች?" ብለው ጮኹ። ከዚያ ሁሉንም አመስግነው፣ ስለ ድካማቸው ይቅርታ ጠይቀው፣ ጠላ ካልቀመሳችሁ አትወጡም አሉ። ሰው መርዶ ይዞ ገብቶ ጠላ ጠጥቶ ሲወጣ በሞላሌ ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ድንኳን አልተተከለም። ልብስ አልጠቆረም። በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ደግመው መጡ፤ "ብርቄ ነግራኛለች" ብለው መለሷቸው።

አርባው እየቀረበ ሲሄድ ለመምሬ ኃይሉ ሌላ ጭንቀት መጣባቸው። እናቱ ብታለቅስም ባታለቅስም የሞተው ሰው ፍትሐት ይገባዋል፤ ነጮቹ በራሳቸው ሥርዓት ነው የቀበሩት፤ በኛ ጸሎት ማንም ስሙን አልጠራም። ፍትሐት ደግሞ የሚደርሰው በክርስትና ስም ነው። ደምሰውን ያጠመቁት ካህን ሞተዋል፤ የክርስትና አባቱም ሞተዋል። ያን ስም በምድር ላይ የምታውቅ አንዲት እናቱ ብቻ ነበረች። መምሬ ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ጠብቀው ያዙኝ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ለእኔ አትነግረኝም። አንቺን ትወድሻለች። ስሙን ብቻ አምጪልኝ። ደምሰው ብዬ ብጠራው ደምሰው የሚባል ሰው በሰማይ አይታወቅም" አሉኝ።

ሄድኩ። እማማ የሺ እንደ ወትሯቸው ሱፍ ይፈትላሉ። ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ "እማማ፣ የጋሽ ደምሰው የክርስትና ስም ማነው?" አልኳቸው።

እንዝርቱ ቆመ። "ማን ጠይቂ አለሽ?"

"መምሬ። ሊጸልዩለት።"

"ምን ብለው?"

እዚህ ጋ ነበር መመለስ የምችለው። ሞቷል፣ ያኔ ዋሽቼዎታለሁ፣ ስሙን ይስጡኝና እንዲጸልዩለት ላድርግ ማለት እችል ነበር። አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን ሳይ ያ ዓይን ተመልሶ መጣ። "ጤና እንዲሰጠው" አልኩ።

እማማ የሺ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለጤናው እኔ እናቱ ሌት ተቀን እጸልይለታለሁ። በሰው አገር ያለ ልጅ የክርስትና ስሙ እንዲህ ከአፍ አፍ አይዞርም። ክፉ ሰው ይሰማዋል፣ ይደገምበታል። ምንም ቢሆን አልሰጥም። ለሞተ ነው ስም የሚሰጠው" አሉኝ። ከዚያ ቆሎ አቀረቡልኝ። አስተያየታቸው ትክክል ነበር፤ እንደነገርኳቸው ከሆነ ስሙን መደበቃቸው ለልጃቸው መጠንቀቃቸው ነው። ስሙን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ለመምሬ ኃይሉ "አልነግርም አሉ" ብዬ ነገርኳቸው፤ ለእማማ የሺ የዋሸሁትን ግን አልነገርኳቸውም። አርባው በዝምታ አለፈ። ሰማንያውም፣ ዓመቱም።

እማማ የሺ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ኖሩ። ደብዳቤ ሲጠፋ "ሥራ በዝቶበት ነው" አሉ። በየፋሲካው ለልጃቸው አንድ ባና እያሠሩ ያስቀምጣሉ፤ "ለከርሞ ሲመጣ" እያሉ። እኔ ደግሞ ቀስ በቀስ ከቤታቸው ራቅኩ። የቤት ሥራ በዛብኝ እላለሁ፤ ውሸቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሱፍ ሲፈትል ማየት አቃተኝ። መሐል ሜዳ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከሄድኩ ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ ታመሙ፣ በማግሥቱ ሞቱ ተባለ። ደረስኩ፤ ግን ከተቀበሩ በኋላ ነው። ቀብራቸው ላይ የነበረው ለቅሶ ከሁለት ዓመት በፊት የታፈነው ሁሉ ነው አሉኝ። አልቃሾቹ በእሳቸው ጀምረው በደምሰው ነበር የሚጨርሱት። ጋሽ አሰፋ ፎቶውን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲያለቅስ ዋለ። መምሬ ኃይሉ የእማማ የሺን ፍትሐት በክርስትና ስማቸው አደረሱ። ከዚያ ለልጃቸው የሚጠሩት ስም ስላልነበራቸው መጽሐፉን ዘጉት።

አሁን ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ አስተማሪ ነኝ። ድራማ አላስተምርም። ተማሪዎቼ ዛሬ በኪሳቸው ፊልም ይዘው ይዞራሉ፤ ደም ቀለም መሆኑን የሚነግራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም። መርዶም ጎህ ሳይቀድ በጋቢ ተከናንቦ አይመጣም፤ ፎቶና ሻማ ሆኖ ስልክ ላይ ይመጣል፤ እናት ወጥ እያማሰለች ታየዋለች። የድሮው ይሻላል ብዬ ልፈርድ አልችልም። የድሮው ሥርዓት ደግ ነበር፤ ለገብስ እንኳ ይጠነቀቃል። ግን ዝምታው በዛ። ያን ሁሉ ዝምታ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ላይ ጭነው ተናገሪ አሏት።

ባለፈው ዓመት ስለ ደምሰው በስልኬ ፈለግሁ፤ አለ። የት እንደተወለደ፣ በየትኞቹ መድረኮች ላይ እንደቆመ፣ የትኛውን ንጉሥ ሆኖ እንደተወደሰ፣ በየትኛው ፊልም ምን እንደሆነ ተራ በተራ ተጽፏል። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ያምራል። ያን ይዤ ሞላሌ ወጣሁ፤ መምሬ ኃይሉ አርፈዋል፤ ቦታቸውን የያዙት ካህን በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና "እህቴ፣ እግዚአብሔር ስሙን አይረሳውም" አሉኝ። ይህን አምናለሁ። ግን እግዚአብሔርን አይደለም የበደልኩት። እማማ የሺን ነው፤ አንድ ልጃቸውን አልቅሰው እንዳይቀብሩ አደረግኳቸው።

በዚህ ክረምት አባቴ አረፉ። አምስት ዓመት የሆናት ልጄ በጣም ትወዳቸው ነበር። ዘመዶች ሁሉ "አያትሽ ጠበል ሄደዋል፣ ይመጣሉ" ሲሏት ሰነበቱ። አንድ ቀን ከሰው መሐል መጥታ ጉልበቴን ያዘችና "እማዬ፣ እውነት ይመጣሉ?" አለችኝ። ባለቤቴ በዓይኑ "ተይ" አለኝ። ተንበርክኬ ፊት ለፊቷ ሆንኩ።

"አይመጡም" አልኳት። "ሞተዋል፣ ልጄ። አይነሡም።"

ቤቱ ሁሉ በቁጣ አየኝ። ልጄ ለአንድ አፍታ ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ እሪ ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ማንም እንዲያባብላት አልፈቀድኩም። እስኪወጣላት አለቀሰች።